ከመስኮቴ ሥር የሚጫወቱት፦ የአንድ ሰዓት ሠሪ ግምገማ

ምግብ ቤት የሚገመግም ሰው ያቀረቡለት ካልጣመው ሒሳቡን ከፍሎ ውልቅ ይላል። እኔ ከምገመግመው አገልግሎት ውልቅ ማለት አልችልም። ሰዓት ሠሪ ነኝ። የሥራ ጠረጴዛዬ አንደኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተጠግቶ ነው ያለው፤ ከብርሃን ከራቅኩ የፀጉር ያህል የምትቀጥነውን ሞላ በወረንጦ መያዝ አይሆንልኝም። ከመስኮቱ ሥር የትንሿ ከተማችን መሃል የእግረኛ መንገድ ያልፋል፤ እኔ ፊት ለፊት ሲደርስ ሌላ መንገድ ያቋርጠውና ማዕዘን ይሠራል። የጎዳና ሙዚቀኞች ከከተማው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ያንን ማዕዘን ነው። ከእሑድ በቀር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምቻቸዋለሁ። ሳልጠየቅ፣ ሳልመርጥ።

መንገደኛ ስለ ጎዳና ሙዚቀኛ የሚያውቀው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ደግሞ ሁሉም ጎበዝ ነው። ሰውየው ምን ዓይነት ሙዚቀኛ እንደሆነ የሚታወቀው በአርባኛው ደቂቃ ላይ ነው። አርባኛውን ደቂቃ የምንሰማው እኔ፣ ታች ያሉት ባለሱቆችና የአበባ ሻጯ ነን። ይህ ግምገማ ከእኛ ወገን የተጻፈ ነው።

ስለ ማዕዘኑ ትንሽ ልበል። ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይነጉዳል፤ ሊታጠፍ ሲል ግን እርምጃውን ያቀዘቅዛል፣ ቀና ብሎ ያያል። ሙዚቀኛው የሚጠብቀው ያቺን ቅጽበት ነው። ዙሪያውን ያሉት ግድግዳዎች ደግሞ ድንጋይ ናቸው። ገላጣ ሜዳ ላይ ቢሆን ከሙዚቀኛው ያለን ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ በድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ግን እየተመላለሰ ስለሚመጣ እንዲህ ቶሎ አይሞትም። ለዚህ ነው ምንም ማጉያ የሌለው ቫዮሊን ከመንገዱ ጫፍ የሚሰማው። እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ስፒከር እየገፋ የሚመጣ ሰው ሳይ፣ ዝናብ ላይ ውኃ ሊያጠጣ የመጣ አትክልተኛ ይመስለኛል።

ጊታር የሚጫወተውን ልጅ የተዋወቅኩት በጠብ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የደንበኛ ሰዓት መለኪያዬ ላይ አስቀምጫለሁ። መለኪያው የሰዓቱን ምት በማይክሮፎን እያዳመጠ ስክሪን ላይ ነጠብጣብ ይደረድራል። ሰዓቱ ጤነኛ ከሆነ ነጠብጣቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ ካመመው መስመሩ ያዘነብላል ወይም ለሁለት ይሰነጠቃል። የዚያን ዕለት ግን እንደ ተበጠሰ ዶቃ ተበታተኑ። ሰዓቱን ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ ገጠምኩት። ያው ነው። ሁለተኛ ልፈታው ብሎኑን ስጀምር ታች ያለው ሙዚቃ ቆመ፤ ነጠብጣቦቹም ወዲያው ተሰለፉ። መለኪያዬ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዳምጥ የነበረው የልጁን ስፒከር ነው።

ደረጃውን በንዴት ወረድኩ። «ወንድሜ፣ ድምፁን ቀንሰው» አልኩት።

«ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ቆመው ይስሙት። ትንሽ ነው እኮ።»

ቆሜ ሰማሁት፤ እውነቱን ነበር። እዚያ ለቆመ ሰው ለስላሳ ዘፈን ነው፣ ጉሮሮውም ያምራል። «በል አሁን ደግሞ አንተ ና የእኔን ስማ» ብዬ፣ ጊታሩን ለጓደኛው ሰጥቶ አብረን ወጣን። መስኮቱ ዝግ ነው። ዘፈን የለም፤ ጊታርም የለም። ያለው «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» ብቻ ነው። የመስኮት መስታወት ቀጭኑን ድምፅ ያስቀረዋል፣ ወፍራሙን ያሳልፈዋል፤ ሥጋው ለመንገደኛ ይቀርና አጥንቱ ለእኔ ይደርሰኛል። ልጁ መዳፉን ጠረጴዛዬ ላይ አሳርፎ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ ሲሰማው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስዘፍንም እንዲህ ነው የምሰማው?»

«ስትዘፍንማ አትሰማም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ማጉያውን መሬት ላይ ሳይሆን በርጩማ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ያበዛል። የወፍራሙን ቁልፍም ከግማሽ በታች አውርዶታል። ማናችንም ያልጠበቅነው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ድምፁ ትልቅ በነበረ ጊዜ ሰዉ ስድስት ሰባት ሜትር ርቆ ነበር የሚቆመው። ያን ባዶ ሜዳ አቋርጦ የጊታሩ ሳጥን ድረስ ሄዶ ሳንቲም መጣል፣ ሁሉ እያየህ፣ መድረክ ላይ የመውጣት ያህል ያሳፍራል። አሁን ለመስማት ሲሉ ሁለት ሜትር ድረስ ይጠጋሉ፤ ለመስጠት ጎንበስ ማለት ይበቃል። ልጁ ራሱ ሳጥኑ ቀድሞ ከሚሞላው በላይ እንደሚሞላ ነግሮኛል። አራት ኮከብ። አምስተኛውን የነፈግኩት ዘፈኖቹ ስምንት ብቻ ስለሆኑ ነው። ስምንቱ ሲያልቁ ከአንድ ይጀምራል። መንገደኛ አያውቅበትም፤ እኔ ግን በቀን አራት ጊዜ ከፍቅረኛው ጋር ሲለያይ እሰማለሁ።

ባልዲ የሚመታው ልጅ አራት የተገለበጡ የፕላስቲክ ባልዲዎችና አንድ አሮጌ ድስት አለው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ድንቅ ናቸው፤ ሕፃናት ይጨፍራሉ፣ እኔም እግሬ አያርፍም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያንኑ አሥር ደቂቃ መድገም ነው። ደግሞ ይፈጥናል። ሰዓት ቢሆን ኖሮ በቀን ሁለት ሰዓት ይቀድም ነበር። ሁለት ኮከብ፣ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች።

የሳክስፎኑ ሰውዬ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና። የሙሉ ባንድ ቀረጻ በትንሽ ስፒከር እያጫወተ በላዩ ላይ ይነፋል። በሞቃት ወራት ሰው ያስቆማል። ብርድ ሲገባ ግን ነገሩ ይበላሻል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በዜሮ ዲግሪ ወደ 331 ይወርዳል። በሳክስፎኑ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር በቀዘቀዘ መጠን ቅኝቱ አብሮ ይወርዳል። ትንፋሹ ቢያሞቀውም፣ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ቆሞ ሳንቲም ሲለቅም ብረቱ መልሶ ይበርዳል። ቀረጻው ደግሞ ብርድ አያውቅም፤ በተቀረጸበት ቅኝት ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል የምትፈጠረው ትንሽ ክፍተት ለእኔ ጥርስ ላይ እንዳረፈ በረዶ ናት።

እኛ ሰዓት ሠሪዎች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል በሽታ ነበረብን፤ አቅጣጫው ብቻ የተገላቢጦሽ ነው። የብረት ሞላ በሙቀት ይለሰልስና ሰዓቱን ያዘገየዋል፣ በብርድ ይጠነክርና ያፈጥነዋል። ሻርል ኤዷር ጊዮም የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው ብረትና ኒኬል ቀላቅሎ ሙቀትና ብርድ የማያውከው ቅይጥ ስላገኘልን ተገላገልን፤ እ.ኤ.አ. በ1920 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው በኒኬልና ብረት ቅይጦች ላይ ባደረገው ምርምር ነው። ሳክስፎን እስካሁን ጊዮም አልተወለደለትም። ሰውየውን «በብርድ ጊዜ ቀረጻውን ተውና ብቻህን ንፋ፤ የሚያነጻጽርህ ከሌለ ቅኝትህ መውረዱን ማን ያውቃል?» ብዬው ነበር። «ብቻዬን ስሆን ባዶ ይመስለኛል» አለ። በበጋ አራት ኮከብ፣ በብርድ አንድ። አማካዩን ለመስጠት ልቤ እምቢ አለ።

ስለ ጩኸት ሳስብ ቻርልስ ባቤጅ ትዝ ይለኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ፣ በጥርስ ጎማ የሚያሰላ ማሽን ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው፤ የሙያ ዘመዴ ልለው እችላለሁ። ቤቱ ሥር እየመጡ በእጅ የሚዞር ኦርጋን ከሚያጫውቱ ሰዎች ጋር ዕድሜውን ሲሟገት ኖረ። የመሥራት አቅሜን አንድ አራተኛ አጥፍተውብኛል ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1864 የእንግሊዝ ፓርላማ በለንደን የጎዳና ሙዚቃ ላይ ሕግ ሲያወጣ፣ የቤቱ ባለቤት ታምሜያለሁ ወይም ሥራዬ ተስተጓጎለ ካለ ሙዚቀኛው ከዚያ እንዲሄድ የማድረግ መብት አገኘ። ባቤጅ ግን ሰላም አላገኘም፤ ሰዉ መንገድ ላይ እየተከተለ ይሰድበው ነበር።

አንድ አራተኛ ያለው አልተጋነነብኝም። የመለኪያዬን ነጠብጣቦች ያየሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ባቤጅ አንድ ነገር አልሞከረም፤ ኦርጋን አዟሪውን ደረጃውን አውጥቶ ወንበሩ ላይ አላስቀመጠውም። ሕግ ሙዚቀኛውን ያባርረዋል እንጂ በርጩማ አያስይዘውም።

ቫዮሊን የምትጫወተው ልጅ የሙዚቃ ተማሪ ናት። ሦስት ዓመት ሆናት። ስትጀምር ለፈተና የምታጠናውን ቁራጭ ይዛ ትመጣና የምትሰናከልበት ቦታ ስትደርስ፣ ሰው እየሰማት መሆኑን ረስታ፣ ያችኑ አራት መስመር አሥር ጊዜ ትመላለስባት ነበር። እኔ ከላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ስትስትም ወረንጦዬ አብሮ ይስታል። አንድ ማክሰኞ ያን ቦታ ሳትሰናከል አለፈችው። የአበባ ሻጯ ቀና ብላ ወደ እኔ መስኮት አየች፤ እኔም አጎንብሼ አየኋት። ከመንገደኞቹ አንዱም ምን እንደተፈጸመ አላወቀም።

እርሷን በተመለከተ ሰዎች የጆሹዋ ቤልን ታሪክ እያነሡ ያለቃቅሳሉ። ታሪኩን የሰማው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2007፣ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ ከዓለም ታላላቅ ቫዮሊን ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ቤል ኮፍያ አድርጎ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በአንድ የምድር ባቡር ጣቢያ መግቢያ ቆመ። የያዘው ዝነኛው የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ እ.ኤ.አ. በ1713 የሠራውን ቫዮሊን ነበር። 43 ደቂቃ ተጫወተ። 1,097 ሰዎች አለፉ፤ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ የቆሙት ሰባት ናቸው። ከማያውቁት ሰዎች ያገኘው 32 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ይህን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2008 ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘበት፤ አንባቢም «ሰው ውበት ማየት ተሳነው» ብሎ አዘነ።

እኔ አላዘንኩም። ሥራ ሊረፍድበት የደረሰን ሰው በር ላይ ጠብቆ «ለምን አልቆምክም» ማለት፣ ሰዓቱን አቁሞ «ለምን ዘገየህ» ብሎ እንደመውቀስ ነው። የባልዲው ልጅ እንኳ በዚያ ሰዓት እዚያ በር ላይ አይቆምም። ቤል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያው ከተማ ዩኒየን ስቴሽን አዳራሽ ውስጥ፣ ቀንና ሰዓቱን አስቀድሞ አስነግሮ ሲጫወት ሰዉ እንደ ንብ ተመመ። ቫዮሊኒስቱ ያው ነው። የተለወጠው ቦታውና ሰዓቱ ነው። የእኛዋ ተማሪ ይህን ከማንም ሳትማር ደርሳበታለች፤ ጠዋት የሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ አትመጣም። ከቀትር በኋላ፣ ሰው ቤቱ ለመሄድ ሳይቸኩል በሚንገዋለልበት ሰዓት ትመጣለች። አራት ኮከብ ተኩል። ግማሿ የቀረችው ቅኝቷን የምታስተካክለው እዚሁ ማዕዘን ላይ ስለሆነ ነው፤ ያን እቤቷ ጨርሳው ብትመጣ ደስ ይለኛል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ማንም ቀዳሚ መሆን ስለማይፈልግ ሁሉም ከራሳቸው ኪስ ጥቂት ሳንቲም ቀድመው ይጥሉበታል። ይህ ማታለል አይመስለኝም። አንዳንዶቹ አሁን ኪውአር ኮድ ለጥፈዋል። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2018 በካርድ የሚቀበሉ ትናንሽ ማሽኖችን ለጎዳና ሙዚቀኞቿ ስታስተዋውቅ የኪስ ሳንቲም መጥፋቱ ያስጨነቃቸው ሁሉ እፎይ ብለው ነበር። በእኛ ማዕዘን ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሰው ኮዱን ለማንሣት ስልኩን ያወጣል፤ ስልኩ ከወጣ በኋላ ቪዲዮ ይቀርጽና መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ኮዱ ከሳጥኑ ጎን መሬት ላይ ባይሆንና በወገብ ከፍታ ቢለጠፍ ሳይሻል አይቀርም። እኔ የምከፍለው ዓርብ ማታ ስወጣ ነው፤ ለሳምንቱ፣ ለሁሉም። ለባልዲው ልጅ ጭምር።

ፓሪስ ውስጥ በምድር ባቡር ጣቢያዎች የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ተፈትነው ፈቃድ ይሰጣቸዋል። እኛም ዘንድ ፈተና ይኑር የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። እኔ አልደግፍም። ፈታኞቹ የሚሰሙት ያችኑ የመንገደኛ ሁለት ደቂቃ ነዋ። እርሷን የማያልፍ የለም።

ከሁሉም በላይ አምስት ኮከብ የምሰጣቸው አኮርዲዮን ተጫዋቹን አባባን ነው። ማጉያ የላቸውም። ወንበር ይዘው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ማሰሪያውን ትከሻቸው ላይ ያደላድላሉ፤ አንድም ቃል አይናገሩም። ቫልስ የሚባለውን የአውሮፓ ዳንስ ሙዚቃ ይወዳሉ። አንድ ቀን አሮጌ ሰዓት እየሠራሁ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ የሚመታውን ዓይነት፣ አንድ ነገር ጆሮዬ ገባ። 18,000 ማለት በደቂቃ 300 ነው። አባባ የሚጫወቱት ቫልስ በደቂቃ 100 ምት ነበር። በእያንዳንዱ የእርሳቸው ምት ውስጥ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ይላቀቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቁራጩ እስኪያልቅ አልተላቀቁም። እጄን ከሥራው አንሥቼ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ባቤጅ ያለው የአንድ አራተኛው ኪሳራ በዚያን ቀን ሙሉ በሙሉ የእኔ ጥፋት ነው።

ሌላው መልካምነታቸው መሄዳቸው ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ወንበራቸውን አጥፈው ወደ መንገዱ ሌላ ጫፍ ይሄዳሉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ በሌሎች ዜማዎች ይመለሳሉ። በሩን የሚከፍት ባለሱቅ ካለ ከመጀመራቸው በፊት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ባለፈው ወር ደረጃዬን ወጥተው የቆመ የእጅ ሰዓት አመጡልኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመው?» አልኳቸው።

«እንጃ ልጄ። አላየውም እኮ።»

«ታዲያ ሃያ አምስት ደቂቃ መሙላቱን በምን ያውቃሉ?»

«ሰባት ዜማ ነው» አሉኝ። «ሰባት ከሆነ ሰው ይሰለቸኛል።»

ሰዓቱ ዘይቱ ደርቆ ነው እንጂ ሌላ ችግር አልነበረበትም። አጽድቼ፣ ዘይት ቀይሬ መለስኩላቸው። ሊከፍሉኝ ኪሳቸውን ሲዳብሱ እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ምን ልጫወትልህ?» አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ ሐሙስ ጠዋት ቀጫጭኖቹን ሞላዎች የማቃናበት ቀን ነውና ማዕዘኑን ቢተዉልኝ ደስ እንደሚለኝ ነገርኳቸው። ሳቁ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ሐሙስ ጠዋት አባባ ሌላኛው ጫፍ ላይ ናቸው።

ማዕዘኑ ባዶ መሆኑን ያየው የባልዲው ልጅ ግን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይዞታል።